ለእናቴ የላክሁት ስማርት ስልክ፦ ይቅርባት ወይስ ይስተካከልላት?

ጥያቄ፦ «እናቴ 67 ዓመቷ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ከ15 ዓመት የወንድሜ ልጅ ጋር ትኖራለች። እኔ ውጭ አገር ነኝ። ፊቴን እያየች እንድታወራኝ ብዬ ባለፈው ዓመት ስማርት ስልክ ላክሁላት። ግን በነካችው ቁጥር የሆነ ነገር ይጠፋባታል፤ ማስታወቂያ ዘሎ ይመጣባታል፤ ‹ስልክሽ ቫይረስ አለበት› ይላታል። ባለፈው ወር ደግሞ ‹ከቴሌ ነው፣ ሽልማት ደርሶሻል› ብሎ የደወለ ሰው በመልእክት የገባላትን ቁጥር አስነብቧት ከቴሌብሯ 7,000 ብር ወሰደባት። ወንድሜ ስልኩ ተጠልፏል፣ ወደ ድሮው ባለቁልፍ ስልኳ ትመለስ ይላል። እኔ ደግሞ አንቲቫይረስ ቢጫንላትና መክፈቻ ፓተርኑ (በጣት የሚሳለው መስመር) ቢነሳላት ይቀላታል እላለሁ። ማናችን ነን ልክ?»

ምላሽ፦ ወንድምዎ ምክንያቱን ስተዋል፤ መፍትሔው ላይ ግን ወደ እውነቱ ይቀርባሉ። እርስዎ ያሰቧቸው ሁለት ነገሮች ግን ነገሩን ያባብሳሉ። መጀመሪያ የሆነውን ነገር በስሙ እንጥራው፤ ስልኩ አልተጠለፈም። ብዙውን ጊዜ ሌባው በራሱ ስልክ ላይ የሰውዬውን ቁጥር አስገብቶ ወደ ሂሳቡ ለመግባት ይሞክራል። ሲስተሙ የሚገባው ባለቤቱ መሆኑን ለማረጋገጥ በአጭር መልእክት ቁጥር ይልካል። ያ ቁጥር ለሌባው ሲነበብለት በሩ ይከፈታል። ሆኖም የማረጋገጫ ቁጥሩ ብቻውን ብር አያወጣም፤ ፒንም ያስፈልጋል። ስለዚህ ወይ እናትዎ ፒኑንም አብረው ነግረውታል፣ ወይ ፒኑ በቀላሉ የሚገመት ነበር፣ ወይም ደግሞ «ሽልማቱን ለመቀበል ይህን ይጫኑ፣ ይህን ቁጥር ያስገቡ» እያለ በቴሌብር መደወያ በ*127# በራሳቸው እጅ እንዲልኩለት መርቷቸዋል።

ከሦስቱ የቱ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የሚታረመው ነገር ይለያያል። የወንድምዎ ልጅ ከ127 የገቡትን መልእክቶች ከፍቶ የዚያን ቀን ቅደም ተከተል ያንብብልዎ። ብሩ ከመውጣቱ ትንሽ ደቂቃ ቀደም ብሎ የማረጋገጫ ቁጥር የያዘ መልእክት ካለ ሰውየው በሌላ ስልክ ገብቷል ማለት ነው፤ ፒኑ ዛሬውኑ መቀየር አለበት። እንዲህ ያለ መልእክት ሳይኖር «ይህን ያህል ብር ልከዋል» የሚለው ብቻ ካለ ግን የላኩት እሳቸው ናቸው፤ ፒን መቀየር ባይጎዳም ዋናው ሥራ እዚያ ላይ አይደለም። ይህን ሲጠይቁ እባክዎ በቁጣ አይጠይቁ። የተቆጡት ሰው በሚቀጥለው ጊዜ የሆነበትን ይደብቃል፤ የተደበቀ ስርቆት ደግሞ ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ይመለሳል። አንድ ጊዜ የተሳካለት ሌባ ቁጥሩን እንደሚይዘው አይርሱ። «የተወሰደብዎትን ልናስመልስ ነው» እያለ የሚደውለው ሰው ብዙ ጊዜ ያው የመጀመሪያው ሌባ ወይም ጓደኛው ነው።

ብሩን ስለማስመለስ ተስፋ አልሰጥዎትም። በተወሰደበት ሰዓት ወደ 127 ተደውሎ ቢሆን፣ ብሩ ከተቀባዩ ሂሳብ ሳይወጣ የመታገድ ዕድል ነበረው። ሌቦች ግን ይህን ስለሚያውቁ በደቂቃዎች ውስጥ ያወጡታል ወይም ወደ ሌላ ሂሳብ ያሻግሩታል። ወር ካለፈ በኋላ የሚቀረው መንገድ ለፖሊስ ማመልከት ነው፤ ለዚያም በመልእክቱ ላይ ያለው የግብይት መለያ ቁጥር፣ ቀኑና የተቀባዩ ስም ያስፈልጋል። ስለዚህ መልእክቱ እንዳይጠፋ ፎቶ ተነሥቶ ለእርስዎ ይላክ።

አሁን ወንድምዎ ያሉት ግማሽ እውነት ጋ እንምጣ። ሌባው የተጠቀመበት መንገድ ድምፅና አጭር መልእክት ነው፤ ሁለቱም በባለቁልፉ ስልክ ላይም አሉ። ወደ ድሮው ስልክ መመለስ ብቻውን ይህን ሌባ አያቆመውም። የባለቁልፉ ስልክ ጥቅም ሌላ ነው፦ ሊንክ አይከፈትበትም፣ የሐሰት መተግበሪያ አይጫንበትም፣ የ15 ዓመት ልጅ ጌም አያወርድበትም። ስለዚህ የምመክርዎ ገንዘቡንና ወሬውን መለየት ነው። ቴሌብር የተመዘገበበት ሲም ተመልሶ ባለቁልፉ ስልክ ውስጥ ይግባ፤ እናትዎ ብር ሲልኩና ሲቀበሉ በ*127# ይጠቀሙ። ለስማርት ስልኩ በመታወቂያቸው ሌላ ሲም ይውጣ፤ ዋትሳፕም ቴሌግራምም በዚያ በአዲሱ ቁጥር ይከፈት። በአዲሱ ቁጥር ላይ ምንም ዓይነት የገንዘብ አገልግሎት አይመዝገብ። ያን ጊዜ ስማርት ስልኩ ቢሰረቅ፣ ቢሰበር፣ ልጁ ቢያበላሸው የሚጠፋው ስልኩ ብቻ ነው።

ከዚህ የበለጠ የሚያድነው ግን የሂሳቡ መጠን ነው። ቴሌብሩ ላይ ከአንድ ሳምንት የአስቤዛ ወጪ በላይ አይቀመጥ። የሚልኩላቸው ዋናው ገንዘብ ባንክ በደብተር ይቀመጥ፤ በዚያ ሂሳብ ላይ የሞባይል ባንኪንግ አይከፈት፤ ተከፍቶ ከሆነም ባንኩ ሄደው ያዘጉት። በየሳምንቱ ባንክ መሄድ ለ67 ዓመት ሰው ድካም ነው፤ ይህን አልክድም። ይሁን እንጂ አንድ የስልክ ጥሪ ሊያጠፋ የሚችለውን ነገር ከ7,000 ወደ 1,000 ብር ዝቅ የሚያደርግ ሌላ መንገድ አላውቅም።

ቁልፉን ስለማንሳት። የማይቆለፍ ስልክ ገበያ ላይ ቢወድቅ ያነሳው ሰው ዋትሳፑን ከፍቶ በእናትዎ ስም ለእርስዎ «ታምሜያለሁ፣ ለዚህ ሰው ብር ላኪ» ብሎ ይጽፋል። ፓተርኑ አስቸግሯቸው ከሆነ ፓተርኑ ራሱ ይቅር፤ ለትልልቅ ሰዎች ሳይሆን በጣቱ ለሚተማመን ሰው የወጣ ነገር ነው፣ ከትከሻ በላይም ይታያል። በጣት አሻራና በፒን ይተካ። ዕድሜ ልክ በሥራ የሻከረ ጣት አሻራው በቀላሉ አይነበብም፤ ብዙ ሰው አንድ ጊዜ ሞክሮ «አልሠራም» ብሎ የሚተወው ለዚህ ነው። እጃቸውን ታጥበው፣ ትንሽ ቅባት ተቀብተው፣ ደርቆ ከተጠረገ በኋላ ይመዝገብ። ያንኑ አውራ ጣት ሁለት ጊዜ እንደ ሁለት ጣት መመዝገብ የመነበቡን ዕድል ይጨምራል፤ ሦስተኛ ደግሞ የሌላውን እጅ አመልካች ጣት። ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ ፒን ስለሚጠይቅ ፒኑን ማስታወስ የግድ ነው። የልደት ዓመትና 1234 ክልክል ናቸው፤ እሳቸው ብቻ የሚያስታውሱት ሁለት ጥንድ ቁጥር ይመረጥ።

ከስልኩ ቁልፍ የማይተናነሰው፣ ግን ሰው ሁሉ የሚረሳው፣ የሲም ፒን ነው። ሌባ የተቆለፈ ስልክ ሲይዝ ሲሙን አውጥቶ ሌላ ስልክ ውስጥ ይከተዋል፤ ከዚያ የማረጋገጫ ቁጥሮች ሁሉ ለእሱ ይገባሉ። የስልኩ ቁልፍ እዚህ ጋ ምንም አያደርግም። የሲም ፒን ግን ሲሙ ሌላ ስልክ ውስጥ ሲገባ እንዳይሠራ ያደርገዋል። በተለይ የገንዘቡ ሲም ላይ መከፈት አለበት፤ በባለቁልፉ ስልክም በስማርቱም ሴቲንግ ውስጥ ሴኩሪቲ ከሚለው ሥር ይገኛል። ጥንቃቄ፦ ሦስት ጊዜ ከተሳሳተ ሲሙ ፒዩኬ የሚባል ባለ 8 አሃዝ ቁጥር ይጠይቃል፤ ያ 10 ጊዜ ከተሳሳተ ሲሙ ለዘለዓለም ይሞታል። ስለዚህ ልጁ በግምት እንዳይነካካው፤ ሲሙ የመጣበት ካርድ ላይ ያለው ቁጥር ተገልብጦ እርስዎ ጋ ይቀመጥ፣ ካርዱ ከጠፋም ከመጀመራቸው በፊት 994 ደውለው ይጠይቁ።

«ስልክሽ ቫይረስ አለበት» የሚለው ጽሑፍ ቫይረስ አይደለም፤ ማስታወቂያ ነው። የሚመጣውም ብዙ ጊዜ ከሁለት ቦታ በአንዱ ነው። አንደኛው፣ የሆነ ድረ ገጽ «ማሳወቂያ ልላክልሽ?» ሲል በስህተት «አላው» ተነክቶ ነው። ክሮም ሴቲንግ ውስጥ ኖቲፊኬሽን የሚለው ተከፍቶ የተፈቀደላቸው ድረ ገጾች በሙሉ ይከልከሉ። ሁለተኛው፣ ከስልኩ ጋር የመጡ ተጨማሪ ብራውዘሮች፣ የመተግበሪያ ሱቆችና ጽዳት እንሠራለን የሚሉ መተግበሪያዎች ናቸው። መጥፋት እንቢ ካሉ ሴቲንግ፣ አፕስ ገብቶ «ዲሴብል» ይባሉ። በዚህ ላይ አንቲቫይረስ መጫን በማስታወቂያ ላይ ማስታወቂያ መጨመር ነው፤ ነፃዎቹ የሚኖሩት በዚያው ነውና። «ራም አጽዳ» የሚለውን መተግበሪያም ተዉት። አንድሮይድ ማህደረ ትውስታውን ራሱ ያስተዳድራል፤ የተዘጋው መተግበሪያ እንደ አዲስ ሲነሣ ተጨማሪ ባትሪና ጊዜ ይበላል። ስልኩ የሚንቀራፈፈው ብዙ ጊዜ ማከማቻው ስለሞላ ነው፤ የሚሞላው ደግሞ በየዋትሳፕ ግሩፑ በሚላከው የመልካም በዓል ፎቶና የስብከት ቪዲዮ ነው። ዋትሳፕ ውስጥ ስቶሬጅ ኤንድ ዳታ የሚለው ሥር ፎቶና ቪዲዮ ራሱ እንዳያወርድ ይከልከል፤ ቴሌግራም ላይ የወረደው ፋይል ከአንድ ሳምንት በኋላ ራሱ እንዲጠፋ ይታዘዝ። ይህ ዳታቸውንም ይቆጥባል።

ስልኩ በእርግጥ ንጹሕ መሆኑን ለማየት ሦስት ዋና ዋና ቦታ ይፈተሽ። በሴቲንግ ውስጥ «ኢንስቶል አንኖውን አፕስ» የሚለው ሥር ቴሌግራምም ክሮምም «ኖት አላውድ» መሆን አለባቸው፤ የባንክ ወይም የሽልማት መተግበሪያ መስሎ በቴሌግራም የሚላከው ፋይል የሚገባው በዚህ በር ነው። አክሰሲቢሊቲ (ስልኩን ለመጠቀም ለሚቸገሩ ሰዎች የተዘጋጀው ሴቲንግ) ውስጥ «ዳውንሎድድ አፕስ» የሚለው ሥር ባዶ መሆን አለበት፤ እዚያ የተፈቀደለት መተግበሪያ ስክሪኑ ላይ ያለውን ማንበብና በሰው ምትክ መንካት ይችላል። በመጨረሻም *#21# ተደውሎ ጥሪያቸው ወደ ሌላ ቁጥር ተዘዋውሮ እንደሆነ ይታይ፤ ከተዘዋወረ ##002# ሁሉንም ይሰርዛል። «ኔትወርክ ለማስተካከል ኮከብ ኮከብ 21 ብለው ይደውሉ» የሚል ሰው ጥሪያቸውን ወደ ራሱ ሊያዞር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ችግር፣ «በነካችው ቁጥር ይጠፋባታል» ወዳሉት። ይህ የእድሜ ወይም ያለመማር ጉዳይ አይደለም። ልጁ እናትዎ ስልኩን ሲነኩ ጎን ሆኖ ቪዲዮ ይቅረጽልዎ። ከባለቁልፍ ስልክ የመጣ ሰው ምልክቱን እንደ ቁልፍ ነው የሚጫነው፤ ጠንከር አድርጎ፣ እስኪሰማ ድረስ። መስታወቱ ግን ጉልበት አይለካም፤ የሚለካው ጊዜ ነው። ጣት ግማሽ ሰከንድ ያህል ካረፈበት ስልኩ «ይህን ምልክት ላንቀሳቅሰው ወይ ላጥፋው» ማለት ነው ብሎ ይተረጉመዋል። ጣታቸውን ሲያነሡ ትንሽ ከተንሸራተተ የስልክ ምልክቱ ወደ ሌላ ገጽ ይሄዳል ወይም ከላይ «ሪሙቭ» የሚለው ውስጥ ይወድቃል። እናትዎ «ጠፋብኝ» ሲሉ እውነታቸውን ነው።

መድኃኒቱ አክሰሲቢሊቲ ውስጥ «ተች ኤንድ ሆልድ ዲሌይ» የሚለው ነው፤ ወደ «ሎንግ» ሲደረግ ስልኩ አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ይታገሣል። በዚህች አንድ ለውጥ ብቻ ግማሹ ችግር ይቀላል። ቀጥሎ የመነሻ ገጹ ይቆለፍ፤ ብዙ ስልኮች ላይ ባዶ ቦታ ተጭኖ ሲቆይ በሚመጣው የሆም ሴቲንግ ውስጥ «ሎክ ሌይአውት» የሚል አለ። ሳምሰንግ ከሆነ ዲስፕሌይ ውስጥ ያለው «ኢዚ ሞድ» ምልክቶቹን አተልቆ ይህን የመቆያ ጊዜ ጭምር ያረዝመዋል። ገጹ ላይ ከአምስት ነገር በላይ አይኑር፦ የእርስዎ ፎቶ፣ የወንድምዎ ፎቶ፣ ዋትሳፕ፣ የፎቶ ማየቻ፣ ባትሪ። ፎቶ ስል ሲነካ በቀጥታ የሚደውለውን ነው። ባዶ ቦታ ተጭነው ዊጅት፣ ከዚያ ኮንታክት፣ ከዚያ ዳይሬክት ዳያል ሲሉ ይወጣል። የቀረው ሁሉ ከገጹ ይነሣ እንጂ ከስልኩ አይጥፋ።

አዲሶቹ ስልኮች በጣት ጠርገው የሚመለሱባቸው ናቸው፤ ለእናትዎ ግን ከታች ሦስቱ ቁልፎች ይመለሱላቸው። ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ናቪጌሽን ውስጥ «3 በተን» ይመረጥ። ያን ጊዜ በስልክ ሲያስረዷቸው «መሐል ያለችውን ክቧን ይንኩ» ማለት ይቻላል፤ «ከታች ወደ ላይ ይጥረጉ» በስልክ አይገለጽም። የፊደሉ መጠን ይተልቅ፣ ግን እስከ መጨረሻው አይደለም። ጫፍ ላይ ሲደርስ አንዳንድ መተግበሪያ ውስጥ «እሺ» የሚለው ቁልፍ ከስክሪኑ ውጭ ይወርድና የሚነካ ነገር ይጠፋል፤ ከጫፉ አንድ ደረጃ ዝቅ ይበል። ስክሪኑ በ30 ሰከንድ ከሚጠፋ 2 ደቂቃ ይቆይ። ስክሪኑ ራሱ የሚዞርበት ይዘጋ። ቋንቋው አማርኛ ይሁን ወይ ቢሉኝ፣ እናትዎ ፊደል የሚያነቡ ከሆነ አዎ፤ ግን ከልጁ ጋር ይነጋገሩበት። እሱ የለመደው እንግሊዝኛውን ከሆነ «ቅንብሮች» የሚለው ውስጥ ገብቶ ሲጠፋ የሚረዳቸው ሰው ይጎድላል። ለመጻፍ ግን በጂቦርድ ኪቦርድ በአማርኛ ተናግሮ ማስጻፍም ይቻላል፤ ከሁሉ የሚቀለው የድምፅ መልእክት ነው። ዋትሳፕ ላይ ማይክሮፎኗን ተጭነው ወደ ላይ ሲስቧት ትቆለፋለች፤ እጃቸውን አንሥተው እንደልባቸው ያወራሉ።

አንድ ሌላ ነገር፣ ሰዓቱ። ስልኩ 14:20 ሲል ለእናትዎ 8:20 ነው፤ በዚህም የተነሣ የማንቂያው ደወል ሁሌ በማይሆን ሰዓት ይጮኻል። አንዳንድ ሰው ሰዓቱን በእጁ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ይህ ስህተት ነው፤ ስልኩ ውስጥ ያለው እውነተኛ ሰዓት ይዛባና ዋትሳፕን የመሳሰሉት «የስልክዎ ሰዓት ልክ አይደለም» እያሉ ሊያስቸግሩ ይችላሉ። ትክክለኛው ዘዴ ዴት ኤንድ ታይም ውስጥ ሰዓቱን በራሱ እንዲያስተካክል ተዉቶ፣ የሰዓት ቀጠናውን ብቻ ወደ ኡራጓይ፣ ሞንቴቪዲዮ ማድረግ ነው። ኡራጓይ ከኛ በትክክል 6 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። በ12 ሰዓት አቆጣጠር ሲደረግ ጠዋት 12 ሰዓት 12፡00 ይላል፣ አንድ ሰዓት 1፡00 ይላል፤ ኤኤም ቀን፣ ፒኤም ማታ ሆኖ ይነበባል። ማወቅ ያለብዎት ጉድለት ሁለት ነው፦ ቀኑ የሚለወጠው ሌሊት ሳይሆን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይሆናል፤ ከባንክና ከቴሌ በሚመጡ መልእክቶች ውስጥ ተጽፎ የሚገባው ሰዓት ደግሞ እንደ ፈረንጁ እንደሆነ ይቀራል።

ጂሜይሉን ማን ከፈተው? ይህን ሳይጠይቁ አይለፉ። ስልክ ቤት የሚሠራ ልጅ በችኮላ ከፍቶት ከሆነ የይለፍ ቃሉን ማንም አያውቀውም፤ ስልኩ አንድ ቀን ሁሉ ነገር ተሰርዞ እንደ አዲስ ሲጀመር (ፋክተሪ ሪሴት ሲደረግ) ያንን ጂሜይል ይጠይቅና ይቆለፋል። ሰው «ስልኬ ሞተ» ብሎ የሚጥለው ብዙ ስልክ በዚህ ምክንያት የተቆለፈ ነው። ስልኩ አሁን ክፍት እያለ በእናትዎ ስም አዲስ ጂሜይል ይከፈት፤ መመለሻው ላይ የእርስዎ ስልክና ኢሜይል ይመዝገብ፤ የይለፍ ቃሉ በወረቀት ተጽፎ እርስዎና ወንድምዎ ጋ ይቀመጥ፤ ከዚያ አሮጌው ይነሣ። ስልኩ ቢጠፋ ከሩቅ የሚዘጉትም በዚሁ ጂሜይል ነው። *#06# ተደውሎ የሚወጣው የስልኩ መለያ ቁጥርም አብሮ ይጻፍ፤ ፖሊስ ይጠይቃል።

ዋትሳፕና ቴሌግራም ላይ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» (ከሚላከው ኮድ ሌላ ተጨማሪ የይለፍ ቃል የሚጠይቀው) ይከፈት። የሚመጣው ወጥመድ ይህን ይመስላል፦ ከሚያውቁት ዘመድ አካውንት «ልጄ ለውድድር ቀርባለች፣ ድምፅ ስጡልኝ» የሚል ሊንክ ይገባል፤ ሊንኩ ስልክ ቁጥርና የገባውን ኮድ ይጠይቃል፤ ኮዱ በተሰጠ በደቂቃ ውስጥ ያው መልእክት በእናትዎ ስም ለሰው ሁሉ ይሄዳል። ተጨማሪው የይለፍ ቃል ካለ ግን ኮዱ ብቻውን አያስገባም። ቴሌግራም ላይ ይህ ከደረሰ ፍጥነት ወሳኝ ነው። አዲስ የገባ መሣሪያ ለመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ነባሩን ማባረር አይችልም፤ ስለዚህ በዚያው ቀን ሴቲንግ፣ ዲቫይስስ ገብቶ ሌሎቹን በሙሉ «ተርሚኔት» ማለት ያድናል። ዋትሳፕ ከተወሰደ በቁጥሩ እንደገና መመዝገብ ሌባውን ያስወጣዋል፤ ሌባው የራሱን ፒን አስቀምጦ ከሆነ ግን 7 ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል።

የወንድምዎን ልጅ በተመለከተ፣ ስልኩን ከእሱ ማሸሽ አያዋጣም፤ ቤት ውስጥ ያለው ረዳት እሱ ነው። ግን የባለቁልፉን ስልክ ፒን አይወቅ፣ በአያቱ ስልክ ጌም አይጫን። ሲጠይቃቸው «አፕ ፒኒንግ» የሚለውን ከፍተው ዩቲዩብን ብቻ ቆልፈው ይስጡት፤ ያለ ፒን ከዚያ አይወጣም።

እርስዎ ከሩቅ መርዳት ከፈለጉ ዋትሳፕ የቪዲዮ ጥሪ ላይ ስክሪን ማጋራት አለ፤ እናትዎ የሚያዩትን እርስዎም ያያሉ። ሌላ የርቀት መቆጣጠሪያ መተግበሪያ አይጫኑላቸው። ነገ አንድ ሌባ ደውሎ «ያንን ይክፈቱልኝ» ሲላቸው እንዳይለምዱት ነው። ስክሪን እያጋሩ ፒን መክፈት ደግሞ ፒኑን ጮክ ብሎ ማንበብ ነው።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን። ዛሬ የቴሌብር ፒን ይቀየር፣ ትርፉ ብር ወደ ባንክ ይግባ። በዚህ ሳምንት አዲሱ ሲም ይውጣ፣ የገንዘቡ ሲም ወደ ባለቁልፉ ስልክ ይመለስና የሲም ፒን ይከፈትበት። ቅዳሜ ከልጁ ጋር አንድ ሰዓት ተኩል ቁጭ ብለው የቀረውን በቪዲዮ ያስተካክሉ። ከዚያ በባለቁልፉ ስልክ ጀርባ ላይ በትልቁ ተጽፎ በፕላስተር ይለጠፍ፦ «ቁጥር አንብቢልኝ የሚል ሁሉ ሌባ ነው። ዝጊው። ለልጄ ደውዪ።» «ከቴሌ ከሆነስ?» ይሉዎታል። ከቴሌም ቢሆን፣ ከባንክም ቢሆን፣ እርስዎም ቢሆኑ ቁጥር የሚያስነብብ ሥራ የላችሁም፤ ለእርስዎም እንዳያነቡ ጭምር ያስተምሯቸው፤ ምክንያቱም የሚቀጥለው ሌባ የእርስዎን ስም ይዞ ሊመጣ ይችላል። ብር የሚጠይቅ መልእክት በእርስዎ ስም ከመጣም በድምፅ ሳያነጋግሩዎ እንዳይልኩ፣ እርስዎም እንዲሁ።

ከወር በኋላ እናትዎ የማያውቁትን ጓደኛ ጠይቀው ያስደውሉላቸው፤ «ከቴሌ ነው፣ የገባልዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ» ይበላቸው። ከዘጉበት ይንገሯቸውና ያመስግኗቸው። ካነበቡለት ግን ሳይቆጡ ቴሌብሩን ከ500 ብር በላይ እንዳይዝ አድርገው፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደገና ያስደውሉ።